ጭምቱ ሊቅ፦ የኦሊቨር ሄቪሳይድ ሕይወትና ሥራ

ዝም አይነቅዝም የሚል ብሂል አለ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚልም አለ። ሁለቱም የአንድ ሕዝብ ብሂሎች ናቸው፤ አንዱ ዝምታን ያመሰግናል፣ ሌላው ዝምታ የሚያስከፍለውን ዋጋ ያስታውሳል። የሁለቱም ብሂሎች እውነትነት በአንድ ሰው ሕይወት ተጣምሮ የታየበት ምሳሌ ከኤሌክትሪክ ምሕንድስና ታሪክ ውስጥ ቢፈለግ፣ ኦሊቨር ሄቪሳይድን የሚስተካከል በቀላሉ አይገኝም።

ሄቪሳይድ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ከሃያ አራት ዓመቱ በኋላ ተቀጥሮ የሠራበት መሥሪያ ቤት የለም። በጉባኤ ፊት ቆሞ መናገር አይወድም፤ ሊጠይቀው የመጣን እንግዳ ማስተናገድም ይከብደው ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ በማናቸውም የምሕንድስና ፋኩልቲ ስለ ኤሌክትሪክ የሚማር ተማሪ፣ ስሙን ሰምቶ ባያውቅ እንኳ፣ በየቀኑ በሄቪሳይድ ቃላትና በሄቪሳይድ ቀመሮች ይጠቀማል። ሥራው ይህን ያህል ተስፋፍቶ ሳለ ሠሪው ለምን ተሰወረ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከሕይወት ታሪኩ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ኦሊቨር ሄቪሳይድ ግንቦት 18 ቀን 1850 በለንደን ከተማ፣ ካምደን ታውን በሚባለው ሰፈር ተወለደ። አባቱ ቶማስ ሄቪሳይድ ለመጻሕፍትና ለጋዜጦች የሚሆኑ ሥዕሎችን በእንጨት ላይ የሚቀርጽ ባለሙያ ነበር። ይህ ሙያ በዚያ ዘመን በፎቶግራፍ እየተተካ ይሄድ ስለ ነበር የቤተሰቡ ኑሮ የተቸገረ ነበር። ኦሊቨር ከአራት ወንዶች ልጆች የመጨረሻው ነው።

ገና ሕፃን ሳለ ስካርሌት ፊቨር የተባለ በሽታ ያዘው፤ ከሞት ቢተርፍም ጆሮው በከፊል ደነቆረ። በሰፈሩ ልጆች መካከል የሚባለውን በትክክል የማይሰማ ልጅ ከጨዋታው ዳር መቆሙ የማይቀር ነው። ባደገ ጊዜ የመስማት ችሎታው በተወሰነ ደረጃ ተሻሻለ፤ ዳር መቆሙ ግን ጠባይ ሆኖ ቀረ። ይሁን እንጂ ጭምትነቱ ሁሉ የመጣው ከጆሮው ሕመም ነው ማለት አይቻልም። ብቻውን ተቀምጦ ማሰብ ቅጣት ሳይሆን ደስታ የሚሆንላቸው ሰዎች በየዘመኑ ይፈጠራሉ፤ ሄቪሳይድም ከእነዚህ አንዱ ነበር።

በ1865 ዓ.ም. በተሰጠ አጠቃላይ የትምህርት ፈተና ላይ ከተቀመጡት 538 ተማሪዎች መካከል አምስተኛ ወጣ። ይህን ያህል ውጤት ያገኘ ልጅ ትምህርቱን እንዲቀጥል የሚያደርግ ገንዘብ ግን ቤተሰቡ አልነበረውም። ስለዚህ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ትምህርት ቤት መሄዱን አቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ መምህሩ እርሱ ራሱ ሆነ።

በቴሌግራፍ ሥራ ላይ

ቤተሰቡ ሀብት ባይኖረውም አንድ ታላቅ ዘመድ ነበረው። የእናቱ እኅት ባል ሰር ቻርልስ ዊትስቶን፣ በብሪታንያ የቴሌግራፍን ሥራ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነበር። በዊትስቶን አማካይነት የኦሊቨር ታላቅ ወንድም አርተር ኒውካስል በሚባለው ከተማ በቴሌግራፍ ሥራ ተሰማራ፤ ኦሊቨርም ተከተለው። በ1868 ዓ.ም. በእንግሊዝና በዴንማርክ መካከል በባሕር ውስጥ የተዘረጋውን ኬብል በሚያስተዳድረው ድርጅት ተቀጥሮ፣ ዴንማርክ ውስጥ ፍሬዴሪሺያ በምትባል ከተማ ቴሌግራፈኛ ሆነ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ወደ ኒውካስል ተመልሶ ዋና ቴሌግራፈኛ ለመሆን በቃ።

ይህ ሥራ ለጠባዩ የተስማማ ነበር። ቴሌግራፈኛ ከሰው ጋር የሚነጋገረው በሽቦ ነው፤ የሰው ፊት ማየት አያስፈልገውም። ከዚህም በላይ ኬብሉ ራሱ ትምህርት ቤት ሆነለት። በሽቦው አንድ ጫፍ ጥርት ብሎ የተላከ ምልክት በሌላው ጫፍ ደክሞና ተንዛዝቶ የሚደርስበት ምክንያት ምንድን ነው? በአንድ አቅጣጫ የሚላክ መልእክት በተቃራኒው አቅጣጫ ከሚላከው የበለጠ ፍጥነት የሚኖረውስ ለምንድን ነው? ባልደረቦቹ በልምድ ተቀብለው የሚያልፏቸውን እነዚህን ጥያቄዎች ሄቪሳይድ በሒሳብ ይመረምራቸው ጀመር።

በ1873 ዓ.ም. የሬዚስታንስ መለኪያ የሆነውን የዊትስቶን ድልድይ በተሻለ አኳኋን ስለ ማቀናጀት ያሳተመው ጽሑፍ ታላላቆቹ ሊቃውንት ዊልያም ቶምሰን (በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው) እና ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ዐይናቸውን እንዲጥሉበት አደረገ። የሃያ ሦስት ዓመት ቴሌግራፈኛ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ መታወቁ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን የቴሌግራፍ መሐንዲሶች ማኅበር አባል ለመሆን በፈለገ ጊዜ ማኅበሩ ተራ ቴሌግራፈኛን ለመቀበል እንዳልፈለገ ተረዳ፤ በ1874 ዓ.ም. የገባውም የቶምሰንን ድጋፍ አግኝቶ ነው። ማኅበርና ሄቪሳይድ የተዋወቁት እንዲህ በጎሪጥ ነበር። በኋላም አባልነቱ ሳይሰነብት ተቋረጠ።

በዚያው በ1874 ዓ.ም. ሥራውን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። ጤናው አስተማማኝ አልነበረም፤ ከሥራው ይልቅ ግን ልቡን የሳበው በ1873 ዓ.ም. የወጣው የማክስዌል ታላቅ የኤሌክትሪክና የማግኔት መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉን በመጀመሪያ ሲገልጠው አብዛኛው አልገባውም፤ ታላቅነቱ ግን ገባው። ደመወዙን ትቶ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ፤ በአንድ ክፍል ውስጥም ተቀምጦ መጽሐፉን እስኪገባው ድረስ ማጥናት ጀመረ።

የተዘጋው ክፍል ፍሬ

ሄቪሳይድ በለንደን በወላጆቹ ቤት፣ ከዚያም ዴቨን በሚባለው የደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ክፍለ ሀገር የሠራው ሥራ ብዛቱና ጥልቀቱ የሚያስገርም ነው። ክፍሉ ውስጥ ሲገባ በርና መስኮቱን ዘግቶ ሙቀቱን ከፍ አድርጎ መሥራት ይወድ ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚሠራውም ሌሊት ነው።

ማክስዌል በ1865 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማግኔት ያለውን ሐሳብ በሃያ ቀመሮች አስፍሮት ነበር። ማክስዌል በ1879 ዓ.ም. ሲሞት ትምህርቱ የገባቸው ሰዎች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ሄቪሳይድ ከ1884 እስከ 1885 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ያን ሁሉ አጥርቶና አጣርቶ ዛሬ የማክስዌል ቀመሮች ተብለው ወደሚታወቁት አራት ቀመሮች አመጣው። ስለዚህ ተማሪ ሁሉ በማክስዌል ስም የሚያጠናቸው አራቱ ቀመሮች፣ ሐሳባቸው የማክስዌል ቢሆንም፣ መልካቸው የሄቪሳይድ ነው። ጀርመናዊው ሃይንሪክ ሄርትዝም በበኩሉ ወደ ተመሳሳይ መልክ ደርሷል፤ ሄቪሳይድ ቀድሞት እንደ ነበረም በግልጽ መስክሯል።

ቀመሮቹን እንዲህ ለማሳጠር ያስቻለው የቬክተር ሒሳብ ነው። ይህንን ሒሳብ እርሱና አሜሪካዊው ዊላርድ ጊብስ አንዱ ከሌላው ሳይማከር ለየብቻቸው አዘጋጁት። ጊብስም እንደ ሄቪሳይድ ጭምት ሰው ነበር። ከዚህም ሌላ ሄቪሳይድ የዲፈረንሻል ቀመሮችን ወደ ተራ አልጀብራ ለውጦ የሚፈታበት ዘዴ አወጣ። ኢንደክታንስ፣ ኢምፒዳንስ፣ አድሚታንስ፣ ኮንዳክታንስ የሚባሉት ቃላትም ከእርሱ ብዕር የወጡ ናቸው። በ1880 ዓ.ም. አንዱን ሽቦ በሌላ ቱቦ መሰል ሽቦ የመሸፈንን ሐሳብ፣ ማለትም ዛሬ ኮአክሲያል የሚባለውን ኬብል፣ በፓተንት አስመዝግቧል።

ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ «ዘ ኤሌክትሪሽያን» በሚባለው የሙያ መጽሔት ላይ ተከታታይ ጽሑፎች ያወጣ ጀመር። የመጽሔቱ አዘጋጅ ቢግስ የሄቪሳይድን ሒሳብ የሚከታተሉ አንባቢዎች ጥቂት መሆናቸውን እያወቀ ዓምዱን ፈቀደለት። ክፍያው በዓመት አርባ ፓውንድ ያህል ነበር፤ ይህም ከአንድ ቴሌግራፈኛ ደመወዝ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ዝምተኛውና ተናጋሪው

በዚያ ዘመን የብሪታንያ ቴሌግራፍና ስልክ በፖስታ መሥሪያ ቤት ቁጥጥር ሥር ነበር። በመሥሪያ ቤቱ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ሥልጣን የነበረው ዊልያም ፕሪስ ነው። ፕሪስ የሄቪሳይድ ፍጹም ተቃራኒ ነበር። መልከ መልካም፣ አንደበተ ርቱዕ፣ በየጉባኤው የሚጋበዝ፣ ከሹማምንትም ከነጋዴዎችም ጋር የሚግባባ ሰው ነበር። በ1877 ዓ.ም. የቤልን የስልክ መሣሪያ ለብሪታንያ የሳይንስ ጉባኤ ያሳየው እርሱ ነው፤ በኋላም ወጣቱን ማርኮኒን ደግፎ ለሬዲዮ መስፋፋት ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ስለዚህ ፕሪስን እንደ ክፉ ሰው መሣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ድክመቱ ሒሳብን መናቁና በገዛ ንግግሩ መታመኑ ነበር።

ጠቡ የተነሣው ከስልክ መሥመር ነው። ድምፅ ወደ ኮረንቲ ተለውጦ በረጅም ሽቦ ሲጓዝ ሁለት ነገር ይደርስበታል፤ ይዳከማል፣ ደግሞም ይዛባል። የሚዛባውም የድምፁ ቀጫጭንና ወፋፍራም ክፍሎች በእኩል ፍጥነት ስለማይሄዱና በእኩል መጠን ስለማይዳከሙ ነው። ከአንድ ስፍራ አብረው የተነሡ መንገደኞች አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ፣ ሦስተኛው በመንገድ ደክሞ ቢቀር ማኅበርተኞቹ እንደማይተዋወቁ ሁሉ፣ በመሥመሩ ጫፍ ላይ የሚደርሰውም ድምፅ ምን እንደሚል አይለይም።

ፕሪስ በ1887 ዓ.ም. ባቀረበው ጽሑፍ ስልክ የሚሠራበት ርቀት በሽቦው ሬዚስታንስና በካፓሲታንሱ ብቻ እንደሚወሰን አስታወቀ። ይህ አስተሳሰብ ቶምሰን በ1855 ዓ.ም. ለባሕር ውስጥ ቴሌግራፍ ካወጣው ቀመር የተቀዳ ነው። ለቴሌግራፍ አዝጋሚ ምልክት በቂ የሆነው ቀመር ግን ለስልክ ፈጣን ሞገድ በቂ አልነበረም፤ ምክንያቱም ኢንደክታንስን፣ ማለትም ሽቦው በዙሪያው በሚፈጥረው ማግኔታዊ መስክ የኮረንቲውን መለዋወጥ የሚቃወምበትን ጠባይ፣ ከቁጥር አያገባም። ፕሪስ ደግሞ ኢንደክታንስ የስልክ ጠላት ስለሆነ በተቻለ መጠን መወገድ አለበት ይል ነበር።

ሄቪሳይድ በዚያው በ1887 ዓ.ም. የዚህን ተቃራኒ አረጋገጠ። የሽቦው ሬዚስታንስ ለኢንደክታንሱ ያለው ንጽጽር፣ በሽፋኑ በኩል የሚያፈተልከው ኮረንቲ መጠን ለካፓሲታንሱ ካለው ንጽጽር ጋር እኩል ቢሆን፣ የድምፁ ክፍሎች ሁሉ በእኩል ፍጥነት ይጓዛሉ፤ በእኩል መጠን ይዳከማሉ፤ ስለዚህ ድምፁ ቢደክም እንኳ ሳይዛባ ይደርሳል። ነባሮቹ መሥመሮች ከዚህ ሚዛን የራቁት ኢንደክታንሳቸው በማነሱ ነው። በመሆኑም መድኀኒቱ ኢንደክታንስን መቀነስ ሳይሆን መጨመር ነበር።

በዚያን ጊዜ ወንድሙ አርተር በኒውካስል የፖስታ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ስለ ነበር ሁለቱ ወንድማማቾች ስለ ስልክ መሥመር አንድ ጽሑፍ አዘጋጁ። የመንግሥት ሠራተኛ ጽሑፉን ለማሳተም የአለቆቹ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ጉዳዩም ፕሪስ ዘንድ ቀረበ። ፕሪስ ከለከለ። የኦሊቨር ግኝት ያለበት ጽሑፍ በመሳቢያ ውስጥ ቀረ። በዚያው ዓመት የ«ዘ ኤሌክትሪሽያን» አዘጋጅ ቢግስ ከቦታው ተነሣ፤ አዲሱም አዘጋጅ ጽሑፎቹን የሚያነብ ሰው እንደሌለ አጣርቻለሁ በማለት የሄቪሳይድን ዓምድ ዘጋው።

እዚህ ላይ የጭምትነት ዋጋ በግልጽ ይታያል። ሄቪሳይድ ወደ ጉባኤ ሄዶ በፕሪስ ፊት አልቆመም። የመሥሪያ ቤቱን ሹማምንት አልጎበኘም፤ ሐሳቡን ቀለል አድርጎ ለነጋዴዎች አላስረዳም። ያደረገው ነገር ቢኖር መጻፍ ነው፤ ሲጽፍም በንግግር ያጣውን ድፍረት በወረቀት ላይ ያገኘው ስለ ነበር ፕሪስን በሰላ ፌዝ ይነካው ነበር። ፌዙ ወዳጅ አላፈራለትም፤ ሒሳቡም ለብዙዎቹ መሐንዲሶች የተቆለፈ በር ነበር። የተሻለ ማብራሪያ ቢጨምር አንባቢው ይበዛ ነበር የሚለው ነቀፌታ በሕይወቱ ሳለ ከወዳጆቹም ተነሥቶበታል፤ ነቀፌታውም እውነትነት አለው።

ድምፅ የሆኑለት ወዳጆች

ይሁንና በሚቀጥለው ዓመት ነገሩ ተለወጠ። በ1888 ዓ.ም. ኦሊቨር ሎጅ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ስለ መብረቅ መከላከያና በሽቦ ላይ ስለሚጓዝ የኤሌክትሪክ ሞገድ ሲመራመር በሄቪሳይድ ጽሑፎች ላይ ደረሰ፤ የዚህንም ሰው ጥልቅ ዕውቀት በጽሑፍ አመሰገነ። በዚያው ዓመት ሄርትዝ የኤሌክትሪክ ሞገድ በአየር ላይ መኖሩን በሙከራ አረጋገጠ። ከዚህም የተነሣ ትናንት የማይጨበጥ ሒሳብ ይመስል የነበረው የማክስዌል ትምህርት የዘመኑ ትልቅ ጉዳይ ሆነ። በጥር 1889 ዓ.ም. ቶምሰን የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ተቋም ፕሬዚዳንት ሆኖ ባደረገው የመክፈቻ ንግግር የሄቪሳይድን ሥራ በስሙ ጠቅሶ አወደሰ። ይህ የቀድሞው የቴሌግራፍ መሐንዲሶች ማኅበር በአዲስ ስም የቀጠለበት ተቋም ነው።

ከሁሉም በላይ የረዳው ግን አየርላንዳዊው ጆርጅ ፍትዝጄራልድ ነው። ፍትዝጄራልድ የደብሊን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ ከሰው ጋር ተግባቢና ለጋስ ሰው ነበር። በ1889 ዓ.ም. ሄቪሳይድን ቤቱ ድረስ ሄዶ ተዋወቀው፤ ከዚያም እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ደብዳቤ ይጽፍለት፣ በየጉባኤው ስለ እርሱ ይናገርለት ነበር። የካምብሪጁ ሰርልም በየጊዜው ወደ ዴቨን እየሄደ ይጠይቀው ነበር፤ ሁለቱም በብስክሌት አብረው ይሽከረከሩ ነበር። ብስክሌት መንዳት ሄቪሳይድ እጅግ ከሚወዳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። እነዚህ ሰዎች ጭምቱን ተናጋሪ ለማድረግ አልደከሙም፤ ከዚያ ይልቅ ጽሑፉን አነበቡለት፣ ያነበቡትንም በራሳቸው አንደበት ለዓለም አሰሙለት። ፕሮፌሰር ለተማሪው፣ ሊቀ መንበር ለጉባኤው፣ አዘጋጅ ለአንባቢው ሊሰጥ ከሚችለው አገልግሎት ይህ የሚያንስ አይደለም።

የሚያስደንቀው ነገር ለንደን ሄቪሳይድን ባወቀችበት በዚያው በ1889 ዓ.ም. እርሱ ለንደንን ለቅቆ መሄዱ ነው። ከሽማግሌ ወላጆቹ ጋር ወደ ፔይንተን ሄዶ፣ ወንድሙ ቻርልስ ከነበረው የሙዚቃ ዕቃ መደብር በላይ ባለው ቤት ተቀመጠ። በ1891 ዓ.ም. የሳይንስ ሊቃውንት ታላቅ ማኅበር የሆነው ሮያል ሶሳይቲ በአባልነት መረጠው፤ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ለመገኘት ግን ወደ ለንደን አልሄደም። በ1894 ዓ.ም. ወዳጆቹ መቸገሩን አይተው ከማኅበሩ የርዳታ ገንዘብ እንዲሰጠው ቢያደርጉ ምጽዋት አልቀበልም አለ። በ1896 ዓ.ም. ግን ፍትዝጄራልድና ጆን ፔሪ ባደረጉት ጥረት መንግሥት በዓመት 120 ፓውንድ ጡረታ ሰጠው፤ ይህ ስለ ሥራው የተሰጠ ክብር መሆኑ ሲነገረው እሺ አለ። ከጭምት ሰው ጋር መወዳጀት ምን ያህል ዘዴና ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ከዚህ ይታወቃል።

የባከነው ጊዜ

ሄቪሳይድ በ1893 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ የስልክ መሥመር ኢንደክታንስ የሚጨመርበትን አንድ ተግባራዊ መንገድ አመለከተ፤ ይኸውም በመሥመሩ ላይ በየርቀቱ ጥቅል ሽቦ ማስገባት ነው። ፓተንት አላወጣበትም። በአገሩም የሞከረው ሰው አልተገኘም፤ ፕሪስ በ1892 ዓ.ም. የፖስታ መሥሪያ ቤቱ ዋና መሐንዲስ ሆኖ ነበርና።

ሐሳቡ ፍሬ ያፈራው በሌላ አገር ነው። አሜሪካ ውስጥ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ሚካኤል ፑፒንና የስልክ ኩባንያው መሐንዲስ ጆርጅ ካምቤል ጥቅሎቹ በምን ያህል ርቀት መቀመጥ እንዳለባቸው በየግላቸው አስልተው አገኙ። ፓተንቱ በ1900 ዓ.ም. ለፑፒን ተሰጠ፤ ኩባንያውም መብቱን በብዙ ገንዘብ ገዛው። በዚህ ዘዴ የስልክ መሥመሮች በቀጫጭን ሽቦ ከቀድሞው እጅግ የሚበልጥ ርቀት ማገናኘት ቻሉ፤ ከመዳብ ወጪ የተረፈውም ገንዘብ ከፍተኛ ነበር። በ1911 ዓ.ም. ከኒውዮርክ እስከ ዴንቨር የተዘረጋው የስልክ መሥመር የሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ሄቪሳይድ ከዚህ ሁሉ አንዲት ሳንቲም አላገኘም።

ከ1887 እስከ 1900 ዓ.ም. አሥራ ሦስት ዓመት ነው። በእነዚህ ዓመታት የተጎዳው ሄቪሳይድ ብቻ አይደለም። የብሪታንያ የስልክ መሐንዲሶች መፍትሔው በገዛ ቋንቋቸው፣ በገዛ መጽሔታቸው ታትሞ ሳለ የተሳሳተውን መንገድ ተከተሉ። አንድ ሙያ ሰውን በአንደበቱ ብቻ የሚመዝን ከሆነ ኪሳራው በመጨረሻ በሙያው ላይ ይወድቃል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

እናቱ በ1894፣ አባቱ በ1896 ዓ.ም. ሞቱ። ሄርትዝ ገና በሠላሳ ስድስት ዓመቱ በ1894 ዓ.ም. ሲሞት፣ ፍትዝጄራልድም በ1901 ዓ.ም. አረፈ። ድምፅ የሆኑለት ሰዎች እያለፉ ሄዱ። በ1902 ዓ.ም. ለአንድ ኢንሳይክሎፔዲያ በጻፈው ጽሑፍ፣ ማርኮኒ በታኅሣሥ 1901 ዓ.ም. አትላንቲክን አሻግሮ የላከው የሬዲዮ ምልክት የምድርን ክብነት ተከትሎ እንዴት ሊሄድ እንደ ቻለ ሲያስረዳ፣ በላይኛው አየር ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ንብርብር ሊኖር እንደሚችል አመለከተ። አሜሪካ ይኖር የነበረው አርተር ኬነሊም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሐሳብ አቀረበ። ማታ ማታ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከባሕር ማዶ የሚተላለፍ ዜና ያዳመጠ ሰው ሁሉ ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልሰው በዚያ ከፍታ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ንብርብር መሆኑን ሳያውቅ ተጠቅሞበታል።

ከ1908 ዓ.ም. ጀምሮ ሄቪሳይድ ቶርኪ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ፣ ከወንድሙ ሚስት እኅት ጋር በአንድ ቤት ኖረ። ብቸኝነት ለሥራው የሚያስፈልግ ስጦታ ቢሆንም በስተርጅና ሸክም ሆነበት፤ ለሌላውም ሸክም አደረገው። ከእርሱ ጋር መኖር ለሴትዮዋ ቀላል አልነበረም፤ በ1916 ዓ.ም. ቤቱን ለቅቃ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ነበር። ከጋዝ ኩባንያው ጋር በክፍያ ምክንያት ይጨቃጨቅ ነበር፤ ሙቀት ወዳዱ ሰው በቀዝቃዛ ቤት ክረምቱን የሚያሳልፍበት ጊዜም ነበር። የሰፈሩ ልጆች ያስቸግሩት ነበር፤ ጎረቤቶቹም ይህ ሽማግሌ ማን እንደሆነ አያውቁም ነበር።

ያን ጊዜ ያስታወሰው አንድ ማኅበር ነው። በወጣትነቱ ቴሌግራፈኛ ነህ ብሎ ሊቀበለው ያመነታው ማኅበር፣ አሁን የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ተቋም ሆኖ፣ በ1908 ዓ.ም. የክብር አባል አደረገው። በ1922 ዓ.ም. ደግሞ ተቋሙ በማይክል ፋራዴይ ስም ያቋቋመውን ሜዳሊያ ከሰው ሁሉ በፊት የሰጠው ለእርሱ ነው። ሽማግሌው ሜዳሊያውን ለመቀበል ወደ ለንደን እንደማይመጣ የታወቀ ነበር። ስለዚህ ተሸላሚው ወደ ማኅበሩ ካልመጣ ማኅበሩ ወደ ተሸላሚው ይሂድ ተብሎ፣ ፕሬዚዳንቱ ሃይፊልድ ራሱ ወደ ቶርኪ ተጉዞ ሽልማቱን በቤቱ አስረከበው። በ1874 ዓ.ም. በጎሪጥ የተጀመረው ትውውቅ ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ እንዲህ ተቃና።

በታኅሣሥ 1924 ዓ.ም. ኤድዋርድ አፕልተንና ባልደረባው ባደረጉት ሙከራ በላይኛው አየር ላይ ያለውን ንብርብር መኖር አረጋገጡ። አፕልተን ለዚህና ለተከታዮቹ ምርምሮቹ በ1947 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ሙከራው ከተደረገ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ከመሰላል ወድቆ ታሞ የነበረው ሄቪሳይድ የካቲት 3 ቀን 1925 ዓ.ም. በሰባ አራት ዓመቱ ዐረፈ። በፔይንተን ከወላጆቹ ጋር ተቀበረ።

ስለዚህ ሁለቱም ብሂሎች በእርሱ ላይ ተፈጽመዋል። ባለመናገሩ ደጃዝማችነቱ፣ ማለትም በሕይወቱ ሊያገኘው ይገባ የነበረው ሀብትና ሹመት፣ ቀርቶበታል። በዝምታ የሠራው ሥራ ግን አልነቀዘም፤ የጉባኤዎቹ ጭብጨባ ከተረሳ ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ ዛሬም በየመማሪያ መጽሐፉና በየቤተ ሙከራው ይሠራበታል። በሁለቱ ብሂሎች መካከል የሚቀረው ክፍት ቦታ ደግሞ የባለሙያዎች ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በስብሰባ ላይ ቃል የማይወጣው፣ ሪፖርቱን ግን በጥንቃቄ ጽፎ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሚሄድ ባልደረባ አይጠፋም። ሪፖርቱ ተነብቦ ስሙ በተገቢው ስፍራ ከተነገረለት ከሙያው የሚጎድል ነገር አይኖርም፤ በመሳቢያ ውስጥ ከቀረ ግን በመሥመሩ ወዲያኛው ጫፍ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ድምፁን ሳይሰሙት ይቀራሉ።